ዛፍ ሰባት ቤት ሲቆጥር

(መግቢያ፦ ዋሽንት ይሰማል፤ ከአፍታ በኋላ ዝቅ ይላል)

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተማ፣ በጃቢ ጠህናን፣ በወምበርማ፣ በደምበጫ፣ በቋሪት፣ በሰከላና በደጋ ዳሞት ቀበሌዎች ሬዲዮናችሁን ከፍታችሁ የምትጠብቁን ሁሉ፣ የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ዕፅዋት ነው። ወሬውን የምጀምረው ግን ከጋብቻ ነው።

በእኛ አገር ልጅ ሊዳር ሲታሰብ፣ ከጥሎሹም ከድግሱም በፊት ሽማግሌዎች የሚያነሱት አንድ ጉዳይ አለ። ሰባት ቤት ይቆጠራል። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። አንድ ቦታ ላይ የሁለቱ ዘር ከተገናኘ፣ ሙሽራዋ የቱንም ያህል ብታምር፣ የሙሽራው አባት የቱንም ያህል ከብት ቢኖረው፣ ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል። ይህ ሥርዓት የሃይማኖትም የማኅበራዊ ኑሮም ምክንያት አለው። የዘረመል ሳይንስም በራሱ መንገድ ተጉዞ እዚያው ደርሷል፦ የቅርብ ዘመዳሞች ሲዋለዱ በሁለቱም ወገን ተደብቆ የኖረ ድካም ልጁ ላይ ይገናኛል ይላል።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። በደብሩ ግቢ የቆመው ኮሶ፣ ማሳችሁ መሐል የቀረው ዋንዛ፣ ጮቄ ተራራ አናት ላይ የበቀለው ጅብራ፣ እነሱስ ሰባት ቤት የሚቆጥርላቸው አላቸው ወይ? ከሌላቸው፣ አየሩ እየሞቀ ዝናቡ እየተዛባ ሲሄድ ምን ይገጥማቸዋል? አብረን እንየው።

(ዋሽንት ለአጭር ጊዜ ከፍ ይልና ይጠፋል)

መጀመሪያ ከጓዳ እንነሳ። ሰርገኛ ጤፍ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ነጩና ቀዩ የተቀላቀለበት ማለት ነው። ከጎተራው አንድ እፍኝ ዝገኑ። እፍኛችሁ ውስጥ ነጩም ቀዩም አለ። አሁን ደግሞ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አምስት ፍሬ ብቻ አንሱ። አምስቱም ቀይ ሊሆኑ ይችላሉ። ያንን አምስት ፍሬ ዘርታችሁ፣ ያፈራውን መልሳችሁ ብትዘሩ፣ ከዚያ በኋላ ነጭ ጤፍ ከየት ይመጣል? ነጩን ያጠፋው ድርቅ አይደለም፣ አንበጣም አይደለም። የቀሩት ጥቂት ስለሆኑ ብቻ በዕጣ ጠፋ።

የዘረመል ልዩነት የሚባለው ይኸው ነው። አንድ ጫካ ውስጥ ያሉ መቶ የኮሶ ዛፎች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። በውስጣቸው ግን አንዱ ውርጭ ይችላል፣ አንዱ ጥም ይችላል፣ አንዱ ቀድሞ ያብባል፣ አንዱ ነቀዝ አይደፍረውም። ዓመቱ እንደ ወትሮው ሲሆን ይህ ልዩነት አይታወቅም። ክፉ ዓመት ሲመጣ ነው የሚታወቀው፤ ጥም የሚችለው ይቆምና ለቀጣዩ ትውልድ ዘር ይሆናል። «ዘር ከልጓም ይስባል» እንደሚባለው፣ በዘር የተቀመጠው ጉልበት በክፉ ቀን ይስባል። ጫካው ተመንጥሮ አምስት ዛፍ ብቻ ሲቀር ግን፣ ጥም የሚችለው ከአምስቱ መሐል ይኑር አይኑር የዕጣ ጉዳይ ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። አምስቱ እርስ በርስ ይዋለዳሉ፣ ልጆቻቸውም እርስ በርስ። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ሁሉም የአክስትና የአጎት ልጅ ነው። ፍሬው ፍሬ ይመስላል፣ ግን ብዙው አይበቅልም፤ የበቀለውም ይቀጭጫል።

ተፈጥሮ ይህን ስለምታውቅ ለአንዳንድ ዕፅዋት የራሷን ሰባት ቤት ሠርታላቸዋለች። በመስከረምና በጥቅምት የጎጃምን ሜዳ ቢጫ የሚያለብሰውን ኑግ ተመልከቱ። ኑግ የራሱን የአበባ ብናኝ አይቀበልም፤ ንብ ከሌላ ኑግ ካላመጣችለት ፍሬ አይዝም። ኮሶ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ወንዴው ዛፍ ለብቻው፣ ሴቴው ዛፍ ለብቻው ነው። እናቶቻችን ለመድኃኒት ሲለቅሙት የኖሩት ቀላ ያለው አበባ የሴቴው ነው። ስለዚህ አንድ ኮሶ ከራሱ ጋር ሊዋለድ አይችልም። ነገር ግን በዙሪያው የቀሩት ሁሉ ወንድምና እህቶቹ ከሆኑ፣ ወንዴና ሴቴ መለየቱ ብቻውን ምን ያደርጋል?

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ምሥራቅ እንመልከት። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከደምበጫ ወጣ ብላችሁ ሰማዩ በጠራ ጠዋት ወደ ፀሐይ መውጫ ስታዩ የጮቄ ተራሮች ይታያሉ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጮቄ አናት ከ4000 ሜትር ያልፋል። ተምጫን፣ ጨሞጋን፣ ሙጋንና ሌሎችንም ብዙ ወንዞች ለዓባይ የሚልከው ይህ ተራራ ነው። አናቱ ላይ ቀን ፀሐይ ይለበልባል፣ ሌሊት ውርጭ ይነክሳል። እዚያ ቦታ እንደ ዛፍ ቁሞ፣ ቅጠሉን በራሱ ላይ እንደ ጎፈሬ ሰብስቦ የሚኖረው ጅብራ ነው። ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቀስ እያለ ያድግና አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል። ከሰው ቁመት በላይ የሚዘልቅ ረጅም የአበባ ዘንግ ያወጣል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይሞታል። ይህ ዝርያ ከኢትዮጵያ ውጭ በሌላ አገር በተፈጥሮ አይበቅልም። በስሜንም በባሌም በጮቄም አለ፤ ነገር ግን በአንዱ ተራራና በሌላው መካከል ያለው ቆላና ወይና ደጋ ለጅብራ እንደ ባሕር ነው። እያንዳንዱ ተራራ ደሴት ሆኖበታል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ደሳለኝ ጫላ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ስለዚህ ተክል አንድ ጥናት አሳተሙ። ሁለት ነገሮችን አጣምረው ነው ያዩት። በአንድ በኩል የጅብራን የዘረመል ልዩነት መረመሩ። በሌላ በኩል ወደፊት አየሩ ሲሞቅ ለጅብራ የሚስማማው ቦታ የት የት እንደሚቀር በኮምፒውተር አሰሉ። ውጤቱ የሚያስደነግጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2080 ለጅብራ የሚስማማው መሬት ዛሬ ካለው በአማካይ 3.4 በመቶ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱም በአራት ተራሮች ጫፍ ላይ ተበጣጥሶ። ከቦታው ጋር ደግሞ ከዘረመል ልዩነቱ 82 በመቶው ይጠፋል ብለው ገምተዋል።

ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ በሰርገኛው ጤፍ አስቡት። ጎተራው ባዶ ባይሆንም፣ የቀረችው እፍኝ ከነበረው ልዩነት ብዙውን አልያዘችም። ጅብራ እ.ኤ.አ. በ2080 በሕይወት ቢኖር እንኳ፣ ለሚቀጥለው ክፉ ዘመን የሚመዘው ነገር አይኖረውም።

ለምን ወደ ላይ አይሸሽም? ትሉ ይሆናል። ነገሩን በሒሳብ እንየው። ወደ ተራራ 100 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 በነበሩት ዓመታት በ1.3 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። ስለዚህ አንድ ተክል የለመደውን ቅዝቃዜ ለማግኘት በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ200 ሜትር በላይ ወደ ላይ መውጣት ነበረበት። ሰው ቢሆን በአንድ ጠዋት ይወጣዋል። ተክል ግን እግር የለውም፤ የሚጓዘው በዘሩና በአበባው ብናኝ ብቻ ነው። የጮቄ ጅብራ ደግሞ ከታች ገብስና ድንች እያረሰ የሚወጣ ገበሬ ይገፋዋል፣ ከላይ ደግሞ ተራራው ያልቅበታል። ከጫፍ በላይ ሰማይ ብቻ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ከጮቄ እንውረድና ወደ ደብሮቻችን እንሂድ። በአውሮፕላን ሆኖ ጎጃምን ያየ ሰው የሚገርመው ነገር አለ። ሰፊው አገር የታረሰ ነው፤ በመሐሉ እዚህም እዚያም ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይታያል። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ብሳናው በዚያ ተጠልሎ ቀርቷል። የአብነት ተማሪ በጥላው ሥር ዳዊት ይደግማል፤ ካህናቱ ቅጠሉን እንደ ጥምጣም የደብሩ ክብር አድርገው ያዩታል።

በእነዚህ ደኖች ላይ ብዙ ከደከሙት አንዱ ብዙዎቻችሁ «እመጓ» በተባለው ልብ ወለዳቸው የምታውቋቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። እሳቸው ደራሲ ብቻ አይደሉም፤ የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪም ናቸው። በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት ቆጥረዋል። ከዚያም ማርጋሬት ሎማን ከተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ጋር ሆነው፣ ከብት እንዳይገባ በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ከካህናትና ከምእመናን ጋር ደክመዋል። ካቡ በቆመበት፣ ከብት ይረግጠው የነበረው ቡቃያ ዕድል አገኘ።

ካብ ከብትን ይከለክላል። ዘመድ ከዘመድ መዋለድን ግን አይከለክልም። የአንዱ ደብር ደንና የሌላው ደብር ደን መካከል የበቆሎና የጤፍ ማሳ ተዘርግቷል። በግቢው የቀሩት ኮሶዎች ሦስትና አራት ከሆኑ፣ ከመሐላቸው ወንዴው አንድ ብቻ ከሆነ፣ በዚያ ግቢ የሚበቅል ቡቃያ ሁሉ አባቱ አንድ ነው።

ስለ ኮሶ የሚታወቅ ሌላም ነገር አለ። ታዬ በቀለ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር ከአገሪቱ 22 ቦታዎች ኮሶ ሰብስበው፣ በእናት በኩል የሚወርደውን የዘር መስመር መርምረው ነበር። ያገኙት ስድስት የዘር መስመር ነው። ልዩነቱ እጅግ የበዛው ደግሞ በቦታና በቦታ መካከል ሆኖ ተገኘ። በአንድ ቦታ ያሉት ኮሶዎች በአብዛኛው የአንድ እናት ዘር ናቸው፤ ተራራ ስትሻገሩ እናቲቱ ትለወጣለች። የኮሶ ዘር ትንሽና ቀላል ሆኖ፣ ነፋስም እየበተነው፣ እምብዛም ርቆ አይሄድም ማለት ነው። ስለዚህ የአንድ ተራራ ኮሶ ቢጠፋ፣ የሌላው ተራራ ኮሶ ምትኩ አይሆንም። የጠፋው የራሱ ታሪክ የነበረው ቤተሰብ ነው።

ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር የምትሄዱ መንገደኞች እንጅባራ ስትደርሱ የድሮ ስሟን አስታውሱ፤ ኮሶበር ነበረች። አገር በዛፍ ሲጠራ፣ ዛፉ በዚያ አገር ምን ያህል እንደነበረ ስሙ ይመሰክራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን በስማቸው ጠርቶ ከመቆረጥ ከልክሎ ነበር። ዛሬ በዚያው መንገድ ግራና ቀኙን የሚሸፍነው ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ነው። ዲከረንስን አላንቋሽሽም። የብዙ ገበሬ ቤት ቆርቆሮ የለበሰው፣ ብዙ ልጅ የተማረው በዲከረንስ ከሰል ነው። ነገር ግን አንድ ዓይነት ዛፍ፣ በአንድ ዕድሜ፣ ከማሳ እስከ ማሳ ሲተከል ምን እንደሚሆን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚያው በአዊ ዞን አይተናል። በሽታ ወረደበትና ስንት ማሳ አደረቀ። ምክንያቱ አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሆኖም በሽታው ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲሻገር «አልፍም» የሚለው ሌላ ዓይነት ዛፍ መሐል ላይ አላገኘም።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቼ፣ እስካሁን የነገርኳችሁ የሚያስጨንቅ ነው። አሁን ተስፋ የሚሰጠውን ልንገራችሁ፤ እሱም ከዚሁ ከጎጃም ነው።

ይልማና ዴንሳ ውስጥ አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የአገራችንና የጣሊያን ተመራማሪዎች አዲስ አበባ ካለው የዘር ባንክ የተገኙ የገበሬ ጤፎችንና የተሻሻሉ ዝርያዎችን፣ በድምሩ 366 ዓይነት፣ በአዴትና በአቃቂ ዘሩ። ከዚያ ማሳው ላይ ገበሬዎችን ጠሩ። የትኛው ጤፍ ይሻላል? ብለው ጠየቋቸው። ገበሬዎቹ እያንዳንዱን እያዩ ነጥብ ሰጡ። ተመራማሪዎቹ ያንን የገበሬ ነጥብ ከዘረመል ምርመራው ጋር አስተያዩት። የገበሬ ዓይን «ይህ ደግ ነው» ያለው ጤፍ፣ ደግነቱ በዘረመሉ ውስጥ የት ላይ እንደተጻፈ ለማግኘት ቻሉ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ።

ከዚህ ጥናት ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ጤፎቹ በዘረመላቸው በአሥር ቡድን ተከፍለዋል፤ አከፋፈሉም ከመጡበት አገር አየር ጋር ይሄዳል። የደጋው ጤፍ ከቆላው የሚለየው በስም ብቻ አይደለም። ሁለተኛው እኛን ይበልጥ ይነካናል። ተመራማሪዎቹ ዘሩ የለመደውን አየርና ወደፊት ይመጣል የተባለውን አየር አስተያይተው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የት ላይ እንደሚሰፋ ለኩ። ርቀቱ ከሁሉ የሰፋው በጣና ሐይቅ ዙሪያ ነው። ደጃችን ላይ ማለት ነው። በዚያ አካባቢ የሚዘራው ጤፍ ለመጪው አየር ከሌላው ይልቅ ያልተዘጋጀ ሊሆን ይችላል።

ተስፋው የት አለ? እንዲህ ያለ ጥናት ሊደረግ የቻለው ዘሩ ስለተጠበቀ ነው። የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት እንለዋለን። ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬውን ዘር ከገበሬው ጋር ሆነው በመጠበቃቸው እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ከአንድ ገበሬ ጎተራ የተወሰደ እፍኝ ጤፍ ዛሬ አዴት ላይ መልስ ይሰጣል። ብዙዎቻችሁ የምትዘሩት ቁንጮ ጤፍም እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። እናትና አባቱ ከገበሬ ዘር ተመርጠው የወጡ ሁለት ጤፎች ናቸው፤ አንደኛው ማኛ ነው። ያ የገበሬ ዘር ቀድሞ ጠፍቶ ቢሆን ቁንጮ አይወለድም ነበር።

ጤፍ በየጓዳው ስለሚኖር ተርፏል። ኮሶና ጅብራ ጎተራ የላቸውም። ጎተራቸው ደብሩና ተራራው ነው።

(ሙዚቃ ከፍ ይልና ዝቅ ይላል)

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ ብዙ ችግኝ እንተክላለን። ማታ በዜና የሚነገረው ስንት ሚሊዮን እንደተተከለ ነው። በማግስቱም ስንቱ ጸደቀ ብለን እንጠይቃለን፤ ደግ ጥያቄ ነው። እኔ ዛሬ ሦስተኛ ጥያቄ ልጨምርላችሁ። ከስንት እናት?

እንዲህ አስቡት። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ የዋንዛ ዘር እንዲሰበስብ ታዝዟል። መንገድ ዳር ፍሬ የከበደው አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ። ቢጫው ፍሬ ረግፎ ሕፃናት እየለቀሙ ይበላሉ። ሠራተኛው ለምን ሩቅ ይሄዳል? ከዚያው ከአንዱ ዛፍ ሥር ጆንያውን ሞልቶ ይመለሳል። ከዚያ ጆንያ አሥር ሺህ ችግኝ ይፈላል፤ አሥሩም ሺህ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንድ ተራራ ይሸፍናሉ። ከሃያ ዓመት በኋላ ሲያብቡ የሚዋለዱት ከማን ጋር ነው? ሰው በቁጥር ሲደሰት፣ ተራራው ላይ ያለው አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እግር ይጠይቃል። የደን ዘር ባለሙያዎች የሚመክሩት ይህን ነው። ዘር ስትሰበስቡ ቢያንስ ከ30 እናት ዛፎች ሰብስቡ። አንዱ ከሌላው ከ50 እስከ 100 ሜትር ይራቅ፤ ጎን ለጎን የቆሙ ዛፎች ብዙ ጊዜ እህትማማች ናቸውና። ከእያንዳንዱ እኩል ውሰዱ፤ ከአንዱ ጆንያ፣ ከሌላው እፍኝ አይሁን። ማሳ መሐል ለብቻው የቀረ ዛፍ ምንም ፍሬው ቢያምር አትመኑት፤ ጎረቤት ስለሌለው የተዳቀለው ከራሱ ወይም ከአንድ ዘመዱ ጋር ሊሆን ይችላል። ሠላሳ ኮሶ በአንድ ቀበሌ ካልተገኘስ? ያን ጊዜ ደብር ከደብር መነጋገር አለበት። የዚህ ደብር ኮሶ ዘር ለዚያ ደብር ግቢ፣ የዚያ ደብር ለዚህ። ደኖቻችን ሙሽራ ይለዋወጡ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሰባት ቤት ቆጠርን ብለን ከማይታወቅ አገር እናምጣ ማለት አይደለም። ብርብራን እንመልከት። ብርብራ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ዛፍ ነው፤ ፍሬውን አባቶቻችን ጣና ላይ ዓሣ ለማደንዘዝ ይጠቀሙበት ነበር። የዕፅዋት ሊቃውንት በሰሜን የሚበቅለውንና በደቡብ የሚበቅለውን ብርብራ ሁለት ንዑስ ዝርያ ብለው ለይተዋቸዋል። ረጅም ዘመን ተለያይተው ኖረዋልና እያንዳንዱ የራሱን አገር ለምዷል። ስለዚህ አብዛኛው ዘር ከቅርብ ይሁን። ጥቂቱ ደግሞ አንድ ደረጃ ዝቅ ካለና ሞቅ ካለ አካባቢ ይጨመር፤ ሊጥ ላይ እንደሚጨመር እርሾ። ለፍኖተ ሰላም ዋንዛ ጥቂት ዘር ወደ ዓባይ ሸለቆ ዘቅዘቅ ካለው ከወምበርማ በኩል ቢመጣ፣ የነገውን ሙቀት ዛሬ የሚያውቅ ዘር ሊኖርበት ይችላል።

«ሊኖርበት ይችላል» ያልኩት አውቄ ነው። እርግጠኛ ለመሆን መሞከር ነው። ሙከራው ደግሞ ለተማሪዎች ይመቻል። በትምህርት ቤታችሁ ግቢ፣ ወይም በቡሬ የግብርና ተማሪዎች ማሳ ላይ ሦስት መደብ አዘጋጁ። በአንዱ ከቆላ የመጣ የዋንዛ ዘር፣ በሁለተኛው ከወይና ደጋ፣ በሦስተኛው ከደጋው ዳር የተገኘውን ዝሩ። አፈሩ አንድ፣ ውኃው አንድ፣ አጥሩ አንድ ይሁን። ከዚያ በየወሩ ቁመቱን ለኩ፤ በበጋ የትኛው እንደጠወለገ፣ የትኛው ቀድሞ እንዳቆጠቆጠ በደብተር ጻፉ። አፈሩም ውኃውም አንድ ሆኖ ሦስቱ ከተለያዩ፣ ልዩነቱ የመጣው ከዘሩ ነው። የዓለም ተመራማሪዎችም የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ የእነሱ መደብ ሰፋ ይላል እንጂ።

ለካህናት አባቶቻችንም አንድ ልመና አለኝ። በደብራችሁ ግቢ ያሉትን ኮሶ፣ ጥቁር እንጨትና ዝግባ ቁጠሩልን። ስንት ናቸው? ኮሶው ስንት ወንዴ፣ ስንት ሴቴ ነው? በሥራቸው ቡቃያ አለ ወይስ ያረጁት ብቻ ናቸው? ቡቃያ የሌለው ደን ልጅ የሌለው ቤት ነው፤ ዛሬ ያምራል፣ ነገ ወራሽ የለውም። ቁጥሩን በደብሩ መዝገብ ላይ ብታሰፍሩት፣ ከእናንተ በኋላ የሚመጣ ሰው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ለገበሬ ወንድሞቼና እህቶቼም እንዲሁ። የሊሙ ወይም የሾኔ በቆሎ መዝራታችሁን ማንም አይነቅፍም፤ ምርቱ ቤት ይሞላል። ግን በአንዲት ጥማድ ጥግ የአያታችሁን ገብስ፣ የአያታችሁን ዳጉሳ አታጥፉ። እሷ ጥግ ለአገር የምታስቀምጡት ቁጠባ ናት።

(ዋሽንት ቀስ ብሎ ይገባል)

አድማጮቼ፣ ሰዓታችን እየደረሰ ነው። ዋናውን በአንድ ትንፋሽ ልድገመው። አየሩ ሲለወጥ ተክልን የሚያድነው በመሐሉ ያለው ልዩነት ነው። ልዩነት በአንድ ቀን አይሠራም፤ በሺህ ዓመታት የተጠራቀመ ነው፤ ሲጠፋ ግን በአንድ ጆንያ ዘር፣ በአንድ መጥረቢያ ይጠፋል። የጮቄ ጅብራ ከእኛ አቅም በላይ የሆነ ሙቀት ይጋፈጠዋል፤ ቢያንስ ማረሻችንን ከእግሩ ሥር እንመልስለት። ኮሶውና ዋንዛው ግን በእጃችን ናቸው።

የፊታችን ሐምሌ ወደ ተራራው ስትወጡ፣ ችግኙን ለሚያድላችሁ ሰው አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፦ «ጌታዬ፣ ይህ ችግኝ ከስንት እናት የተለቀመ ነው?» መልሱን ካላወቀ አትቆጡት፤ ለከርሞው አውቆ ይመጣል። ለልጃችን ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች፣ ለዛፉም እንቁጠርለት።

የዛሬው ዝግጅታችን በዚህ አበቃ።

(ዋሽንት ከፍ ይልና ዝግጅቱ ያበቃል)